ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ለአንድ ቤት ቁጠባ ነው ወይስ ወጪ?

(በፍኖተ ሰላም በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)




ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ዓመት ከመካከላችን ለተለዩን ሁሉ ነፍስ ይማር እያልኩ፣ ለቀረነው ጤናና ዕድሜ እንዲሰጠን እመኛለሁ።

ዛሬ የምናገርበት ርእስ ለዕድር ስብሰባ እንግዳ ሊመስል ይችላል። «ዕድርና ፍሪጅ ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገሩ ግን የመጣው ከራሳችን ነው። ባለፉት ስብሰባዎች አንዳንድ አባላት ዕድሩ በባንክ ካለው ተቀማጭ ላይ ለቤት ዕቃ መግዣ ብድር ይስጠን የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ዕቃው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ በብዙዎቹ አፍ የተጠራው ዲፕ ፍሪዘር ነው። ፍሪጅ ያለው ሰው ሳይቀር ሁለተኛ ማቀዝቀዣ እፈልጋለሁ ይላል። ምክንያቱም ቁጠባ ነው ተብሏል። ሐሳቡ ዛሬ ለድምፅ ስለሚቀርብ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሒሳቡን ዘርዝሬ እንዳቀርብ የሥራ አመራሩ አዝዞኛል። እኔም ብዙ ዘመን ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው እንጂ ነጋዴም የኤሌክትሪክ ባለሙያም ስላልሆንኩ፣ የማቀርበው ማንኛውም የቤት እመቤት በእርሳስና በወረቀት ልትሠራው የምትችለውን ሒሳብ ነው።

፩. ሰው ፍሪዘር የሚፈልገው ለምንድን ነው?

ሰው ያለ ምክንያት ገንዘቡን አያወጣም። ከአባላት ጋር ስነጋገር የሰማኋቸው ምክንያቶች አራት ናቸው።

አንደኛው ሥጋ ነው። ከሥጋ ቤት በኪሎ እየቆጠሩ ከመግዛት ይልቅ በግ ወይም ወይፈን ገዝቶ አርዶ ማስቀመጥ ይረክሳል ይባላል። ሁለተኛው ወቅት ነው። ቲማቲም በረከሰበት፣ ማንጎ በበዛበት ጊዜ ገዝቶ፣ ሲወደድ አውጥቶ መብላት ይቻላል ይባላል። ሦስተኛው መንገድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በግጭቱ ምክንያት የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ በኩል የሚመጣው መኪናም፣ ከባሕር ዳር በእንጅባራና በቡሬ በኩል የሚመጣውም የተቋረጠበት ጊዜ ነበረ። ያንን ያየ ሰው «ቤቴ ውስጥ የሚበላ ይኑር» ቢል እውነት አለው። አራተኛው ደግሞ ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ናቸው። እነሱ ባሉበት አገር ከወጥ ቤቱ ፍሪጅ ሌላ ትልቅ ፍሪዘር ምድር ቤት ውስጥ ማኖር የተለመደ ነው፤ እንጀራውንም በርበሬውንም ከዚያ እያወጡ ይበላሉ። ስለዚህ ስልክ ሲደውሉ «እማዬ፣ አንድ ፍሪዘር ግዢና ተገላገዪ» ይላሉ።

ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱንም አልንቅም። ነገር ግን ምክንያት ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ ነው።

፪. ሒሳቡ

የፍሪዘር ዋጋ ሱቅ ላይ የሚከፈለው ብቻ አይደለም። አምስት ወጪዎች አሉት። ቀጥዬ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዳችሁ በነሱ ፋንታ የራሳችሁን ቁጥር አግብታችሁ አስሉት።

ፍሪዘሩ 60,000 ብር ተገዛ እንበል። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ በተለይም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ በመውረዱ፣ እንዲህ ያለው ዕቃ እንዴት እንደተወደደ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃው 10 ዓመት አገለገለ ብንል በየዓመቱ 6,000 ብር ያልቃል ማለት ነው። ይህ የመጀመሪያው ወጪ ነው።

ሁለተኛው ወጪ ብዙ ሰው የማይቆጥረው ነው። ያ 60,000 ብር ፍሪዘር ባይገዛበት ኖሮ ባንክ ይቀመጥ ነበር። ባንኩ በዓመት 7 በመቶ ቢከፍል በመጀመሪያው ዓመት 4,200 ብር ይወልዳል። ገንዘቡ በብድር የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ባለቤቱ ወለድ ተቀባይ መሆኑ ቀርቶ ወለድ ከፋይ ይሆናል፤ ሒሳቡም ይከብዳል።

ሦስተኛው መብራት ነው። 200 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት ደህና ፍሪዘር በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አንድ ብለን ብንይዝ በዓመት 365 ይሆናል። አንዱ በ4 ብር ቢታሰብ 1,460 ብር ነው። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው እርከን በእርከን ከፍ የሚል መሆኑ ነው። ተጨማሪ ዕቃ ሲገባ ፍጆታውን የሚጨምረው ከላይኛው እርከን ላይ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተደርጎ ተሻሽሏል። ስለዚህ ሒሳቡን ባለፈው ዓመት ደረሰኝ ሳይሆን በመጨረሻው ደረሰኝ ሥሩ።

አራተኛው ስታቢላይዘርና ጥገና ነው። ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት ቦታ ስታቢላይዘር የሌለው ፍሪዘር ዕድሜው አጭር ነው። ለስታቢላይዘሩ በዓመት 1,000 ብር፣ ለጥገና፣ ለጋዝና ለላስቲኩ ሌላ 1,000 ብር እንያዝ።

ይህ ሁሉ ሲደመር 6,000፣ 4,200፣ 1,460 እና 2,000፣ በጠቅላላው 13,660 ብር በዓመት ይሆናል። በወር ሲካፈል ከ1,100 ብር በላይ ነው። ልብ በሉ፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው የመብራቱን ሒሳብ ነው፤ ከአራቱ ግን ትንሹ እሱ ሆኖ ተገኘ! ትልቁ ወጪ በሩን ገና ሳንከፍተው ያለቀው ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ትርፉ እንምጣ። በጅምላ የተገዛ ሥጋ በኪሎ 100 ብር ያተርፋል እንበል። 13,660 ብሩን ለመመለስ ብቻ በዓመት ወደ 137 ኪሎ ሥጋ በፍሪዘሩ ማለፍ አለበት። ለመሆኑ ከመካከላችን በዓመት 137 ኪሎ ሥጋ የሚበላ ቤት የትኛው ነው? አንድ መጠነኛ ቤተሰብ ሥጋ በሚበላባቸው ሳምንቶች ሁለት ሁለት ኪሎ ቢበላ፣ እነዚያም ሳምንቶች 25 ቢሆኑ፣ ዓመቱን በሙሉ 50 ኪሎ ነው። ትርፉ 5,000 ብር፣ ወጪው 13,660 ብር። ልዩነቱን እናንተው ቀንሱት።

ይህ ሁሉ አምስተኛውን ወጪ ሳንቆጥር ነው። አምስተኛው ብልሽት ነው፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

፫. የጾም ቀንና የፍሪዘር ቀን

«25 ሳምንት ብቻ ለምን አልክ?» የሚል ይኖራል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም፣ የገና የምንለው፣ ከአርባ ቀን በላይ ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ነው። ነነዌ 3 ቀን አለች። የሐዋርያት ጾም ፋሲካው በዋለበት መጠን ይረዝማል ወይም ያጥራል። ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕና ዓርብ አሉ። ሁሉንም የሚጾም ቤት ከዓመቱ ከ200 ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ አይነካም።

በእነዚያ ቀኖች ፍሪዘሩ አይጾምም። ሁዳዴን በሙሉ ሞተሩ እየተነሣ እየወደቀ መብራት ይቆጥራል። አንድ ሰው ከቅበላ የተረፈውን ሥጋ ለፋሲካ ላቆይ ቢል ለ55 ቀን የኪራይ ያህል ይከፍልበታል። ይህ ነገር ለፈረንጅ ቤት የታሰበ ሒሳብ በእኛ ቤት የማይሠራበት አንደኛው ምክንያት ነው። የውጭ አገር ሰው ሥጋውን ዓመቱን ሙሉ እኩል ይበላል፤ እኛ ግን የምንበላው በበዓል በበዓሉ ነው። ፍሪዘር ደግሞ የሚያዋጣው ሁልጊዜ ሞልቶ ሁልጊዜ ሲዞር ነው።

አንድ እናት «ታዲያ ለጾሙ አትክልት አላስቀምጥበትም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው መልካም ነው። ቲማቲም ተቀቅሎና ተፈጭቶ፣ ጎመን በፈላ ውኃ ለአፍታ ተነክሮ፣ ማንጎ ተልጦ ተቆርጦ ሲቀመጥ ብዙ ወር ይቆያል። ድንችና ሽንኩርት ግን የፍሪዘር ዕቃዎች አይደሉም። ጥሬ ድንች ከበረዶ ሲወጣ ውኃ ይሆናል፤ ሽንኩርትም ደረቅና ነፋሻ ቦታ ይበቃዋል። እንግዲህ ከጾም ቀለባችን አብዛኛው፣ ሽሮው፣ ክኩ፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ በርበሬው፣ ከመጀመሪያውም ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ነው።

፬. አባቶቻችን ያለ መብራት እንዴት አቆዩ?

ስለ ቁጠባ ከተነሣ ይህን መናገር ተገቢ ይመስለኛል። ከጃቢ ጠህናን ገጠር እስከ ቡሬ ያለውን ቤት ብትመለከቱ፣ የሚበላ ነገር ሁሉ የሚቆይበት ዘዴ አለው። እህል በጎተራ፣ በርበሬ በፀሐይ ደርቆ፣ ቅቤ ከነቅመሙ ነጥሮ፣ ሥጋ ቋንጣ ሆኖ፣ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ሆኖ ይቀመጣል። ዘዴው አንድ ነው፤ ምግብን የሚያበላሸው እርጥበት ነውና እርጥበቱን ማውጣት። ቅቤ ሲነጠር ውኃው ይወጣል። ሥጋ በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ሲሰቀል ውኃው ይወጣል። ፍሪዘር ውኃውን ሳያወጣ በረዶ አድርጎ ያስረዋል፤ ስለዚህም ሌሊትና ቀን እንዲያስረው ሌሊትና ቀን ይከፈለዋል።

ይልቁንም ትልቁ የአባቶቻችን ማቀዝቀዣ ሌላ ነው። በግ በቁሙ ሳለ አይበላሽም። ዶሮ በግቢ እየጫረች አትበላሽም። ከበዓል ሁለት ሦስት ወር በፊት በርካሽ የተገዛ በግ ሣር እየጋጠ ኪሎ ይጨምራል እንጂ መብራት አይቆጥርም። የሚያበላሸው ከታረደ በኋላ ነው፤ ለዚያም መልሱ ቅርጫ ነው። በሬ ገዝተው ለስምንት ለአሥር ቤት ሲካፈሉ፣ አንዱ ቤት ሊበላው የማይችለው ሥጋ በሌላው ቤት ትኩስ ሆኖ ይበላል። ከሥጋ ቤት ዋጋ ያለውም ቅናሽ ያው በቅርጫ ይገኛል። ያለ ፍሪዘር የጅምላ ዋጋ ማግኘት ይኸው ነው!

ሆኖም አሮጌውን ሁሉ ላመሰግን አልመጣሁም። ቋንጣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብና ጉም በደንብ አይደርቅም፤ ይሻግታል። ለጨቅላ ሕፃንና ለበሽተኛም ቋንጣ አይሆንም። በእነዚህ ነገሮች ቀዝቃዛ ቦታ ይሻላል። ለዚህ ግን ብዙ ጊዜ የፍሪጁ የላይኛው ክፍል ይበቃል። ሁለተኛ ማቀዝቀዣ ከመግዛታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ከፍታችሁ እዩት። ግማሹ በባዶ ጠርሙስና በማይታወቅ ፌስታል ከተያዘ፣ የሚያስፈልገው ማጽዳት ነው።

፭. መብራት ሲጠፋ

አምስተኛው ወጪ ብልሽት ነው ብያለሁ። መብራት ሲጠፋ፣ ክዳኑ ካልተከፈተ፣ ሞልቶ የተጠቀጠቀ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት ያህል በረዶውን ይይዛል። ግማሹ ብቻ የሞላው 24 ሰዓት ያህል ነው። ተራ ፍሪጅ ግን ከ4 ሰዓት በላይ አያስተማምንም። ስለዚህ አንድ ሌሊት ቢጠፋ ምንም አይደለም። ሦስተኛ ቀን ከገባ ግን ሥጋው ሄደ።

20 ኪሎ ሥጋ፣ ኪሎው በ800 ብር ቢታሰብ፣ 16,000 ብር ነው። ቅድም የዓመቱ ወጪ 13,660 ብር ነው ብለን ነበር። አንድ ረዥም የመብራት መጥፋት ብቻ ከዓመቱ ወጪ በላይ ወሰደ ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው።

መንገድ ቢዘጋስ ለሚለው ሐሳብም መልሴ ከዚሁ ይነሣል። መንገድ የሚዘጋበት ክፉ ጊዜ መብራትም የሚጠፋበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ለክፉ ቀን የሚታመነው ቀለብ ጤፉ፣ ሽሮው፣ ዘይቱ፣ የነጠረው ቅቤ ነው። በአንድ ፍሪዘር ዋጋ የስንት ወር እህል በጎተራ እንደሚገባ እያንዳንዳችሁ የገበያውን ዋጋ ይዛችሁ አስሉት።

፮. ታዲያ የሚያተርፍለት ሰው የለም?

አለ እንጂ። ፍትሕ እንዳላጓድል እሱንም ልናገር።

ፍሪዘሩ ገቢ የሚያመጣለት ሰው ያተርፋል። ውኃና ለስላሳ የሚሸጥ፣ ምግብ ቤት ያለው፣ ከባሕር ዳር የጣና ዓሣ አምጥቶ የሚያከፋፍል ሰው ዕቃው የሥራ መሣሪያው ነው፤ ሒሳቡም የንግድ ሒሳብ ነው። ብዙ ተማሪ ወይም ሠራተኛ በወር ክፍያ የሚመግብ ቤትም እንደዚሁ ነው። ከአሥር የማያንስ ቤተሰብ ያለው፣ ከገጠር መሬቱ የራሱን በግና አትክልት የሚያገኝም ሊያዋጣው ይችላል። እንጀራ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጋግር ቤት አንድ ጊዜ ጋግሮ ቢያስቀምጥ ከምጣዱ መብራት ወይም ከማገዶው ያተርፋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ኃይል ከሚበሉት የቤት ዕቃዎች ዋናው ነውና። ይሁን እንጂ ለዚህ ብቻ ብሎ 60,000 ብር ማውጣት አይመከርም።

አንድ የጤና ጥቅምም አለ። ጥሬ ሥጋ ለምንወድ ሰዎች፣ የኮሶ ትል ዘር ያለበት ሥጋ እስከ መሐሉ ድረስ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ ለ10 ቀን ቢቆይ ዘሩ ይሞታል። ነገር ግን ብርድ ሌላውን ተሕዋስያን ያስተኛል እንጂ አይገድልም። ሥጋው ሲቀልጥ እነሱም ይነቃሉ። ስለዚህ «ፍሪዘር ገብቶ ነበር» ተብሎ ሐኪም ያላየው ሥጋ በጥሬው አይበላም።

ከሁሉ የማያዋጣው ግን የትኛው ነው ብትሉኝ፣ አዲስ ፍሪጅ ገዝቶ አሮጌውን «ለእንግዳ ይሆናል» ብሎ ጓዳ ውስጥ ሰክቶ መተው ነው። አሮጌ ዕቃ ላስቲኩ የላላ፣ ሞተሩ የደከመ በመሆኑ ከአዲሱ በላይ መብራት ይበላል፤ በውስጡ ያለውም ብዙ ጊዜ ሁለት ጠርሙስ ውኃ ነው። ወይ ይሸጥ፣ ወይ ይነቀል።

፯. ፍሪዘር ላለው ሰው ጥቂት ምክር

አስቀድመው የገዙ አባላት አሉ። ለእነሱ የሚከተለውን ለማሳሰብ እወዳለሁ።

ፍሪዘሩን ከምድጃና ከፀሐይ አርቁት፤ ከግድግዳም አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ይበል፤ ካልተነፈሰ ሞተሩ አያርፍም። ትኩስ ነገር አታስገቡበት። በውስጡ ያለው በረዶ ግማሽ ጣት ያህል ከወፈረ አቅልጡት፤ በቢላዋ ግን አትፈልፍሉት። ባዶ ቦታ ካለው ውኃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ለበረዶው መስፋፊያ ጥቂት አጉድላችሁ፣ ደርድሩበት፤ መብራት ሲጠፋ ብርዱን ይይዝላችኋል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመጣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ሰኩት። ሥጋውን በአንድ ጊዜ ማሰሮ ልክ እየከፋፈላችሁ አስቀምጡ፤ በእያንዳንዱ ፌስታል ላይ ቀኑ ይጻፍ። የተፈጨ ሥጋ ከሦስት አራት ወር በላይ አይቆይ። ቀልጦ ያደረ ሥጋ ተመልሶ አይግባ፤ በረዶው ገና ያልለቀቀው ግን ሊመለስ ይችላል። ለጾሙ ወራት ባዶ የሚሆን ከሆነም ነቅላችሁ፣ አጽድታችሁ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። ያኔ እሱም ጾመ ማለት ነው።

፰. በጋራ ስለመያዝ

በሌላው ዓለም የነበረውን አንድ ነገር ልጥቀስ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ በምዕራብ ጀርመንና በዴንማርክ ገጠሮች፣ የግል ፍሪዘር ገና ውድ በነበረበት ጊዜ፣ የመንደሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ አንድ የጋራ የበረዶ ቤት ይሠራ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ በውስጡ የራሱ ቁልፍ ያለው ሣጥን ነበረው። በአሜሪካም ከ1930ዎቹ ጀምሮ ገበሬው በከተማ በሚገኝ የበረዶ ቤት ሣጥን ይከራይ ነበር። የግል ፍሪዘር ሲረክስ፣ የሰውም ገቢ ሲያድግ፣ እነዚህ ቤቶች ቀስ በቀስ ቀሩ። ሀብታም የምንላቸው አገሮች እንኳ ወደ ግል ፍሪዘር የገቡት በጋራው አልፈው ነው።

ለእኛ ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ዕድራችን ድንኳን አለው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ትሪ አለው። ማናችንም በየቤታችን ድንኳን አልገዛንም። ለምን? በዓመት አንድ ቀን ለሚያስፈልግ ዕቃ እያንዳንዱ ቤት ገንዘቡን እንዳያስር ነው። ፍሪዘርም ለብዙዎቻችን የሚያስፈልገን በበዓል ሰሞን ብቻ እንደ ድንኳኑ ነው። እንግዲህ በአንድ ቅርጫ የሚካፈሉ አምስት ስድስት ጎረቤቶች ተስማምተው አንድ ቢገዙ፣ 13,660 ብሩ ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ቤት በዓመት ወደ 2,277 ብር ይወርዳል። ያን ጊዜ ሒሳቡ ሊያስኬድ ይችላል። በማን ቤት ይቀመጥ፣ መብራቱን ማን ይክፈል፣ ቢበላሽ ማን ይጠይቅ የሚለው ግን አስቀድሞ በወረቀት መጻፍ አለበት። ጎረቤት በሥጋ ከሚቀያየም ፍሪዘሩ ቢቀር ይሻላል።

፱. የዕድሩ ገንዘብ

አሁን ወደ ተነሣንበት ልመለስ። ዕድሩ ለፍሪዘር መግዣ ያበድር ወይ?

የዕድር ገንዘብ ለሐዘን ቀን የተቀመጠ ነው። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። በአንድ ሳምንት ሁለትና ሦስት ቤት ሐዘን የገባበትን ጊዜ የምታስታውሱ አላችሁ። ያን ጊዜ ገንዘቡ በአባላት ጓዳ ፍሪዘር ሆኖ ቆሞ ቢሆን፣ ለአስከሬን ሣጥኑና ለቀብሩ ከየት ይመጣ ነበር? ፍሪዘር በአንድ ቀን ተሸጦ ገንዘብ አይሆንም፤ ቢሸጥም በገዛው ዋጋ አይሸጥም። በወር መዋጮዋን እንደምንም ለምትከፍል ባልቴት አባል ደግሞ ይህ ገንዘብ የመጨረሻ ክብሯ ነው። የእሷን መቀበሪያ ለሌላው ሰው ማቀዝቀዣ ማዋስ ፍትሕ አይመስለኝም።

ለዕቃ መግዣ አባቶቻችን ሌላ መንገድ ሠርተውልናል። እሱም ዕቁብ ነው። ዕቁብ ለሚገዛ ሰው፣ ዕድር ለሚያዝን ሰው ነው። ሁለቱን ካደባለቅናቸው ሁለቱም ይፈርሳሉ። ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው።

1ኛ. ከዕድሩ ተቀማጭ ለቤት ዕቃ መግዣ ብድር እንዳይሰጥ፤

2ኛ. ዕቃ ለመግዛት የሚፈልጉ አባላት በፈቃዳቸው የራሳቸውን ዕቁብ እንዲያቋቁሙ፣ ዕድሩም ለስብሰባቸው አዳራሹን በነፃ እንዲፈቅድላቸው፤

3ኛ. ማንኛውም አባል ከመግዛቱ በፊት አራት ጥያቄ ራሱን እንዲጠይቅ፦ ያለኝ ፍሪጅ ሞልቷል ወይ? በዓመት ስንት ኪሎ አስቀምጣለሁ? በምኖርበት ሰፈር መብራት ቢበዛ ለስንት ቀን ይጠፋል? በዚህ ገንዘብ ሌላ ምን ይገዛ ነበር?

እነዚህን መልሶ አሁንም የሚያዋጣው ሆኖ ያገኘው ሰው ይግዛ፤ እኛም ቤቱ ሄደን ቀዝቃዛ ውኃ እንጠጣለታለን። ሒሳቡ ያልወጣለት ደግሞ ፍሪዘር ስለሌለው ከማንም አያንስም። በጉ በግቢው፣ ሽሮው በጓዳው፣ ቅርጫው ከጎረቤቱ ጋር አለለት።

ጥያቄ ያለው ሰው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል።